ጋሽ ናስሮ ድራሙን ከዘንጉ ያስታረቁ ዕለት

በዚህ አገር ተበላሽቶ ብቻውን የቀረ ነገር የለም። ሰው ቢታመም ጠያቂ ሊያጣ ይችላል፤ ቢቸገር ዘመድ ሊርቀው ይችላል። የመኪና ኮፈን ግን አንዴ ከተከፈተ አለቀ፣ ከየት መጣ ሳይባል አንድ ሰው አጠገቡ ይቆማል። እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ትንሽ ዝም ብሎ ያይና "ቆይ እስቲ ልየው" ይላል። መካኒክ አይደለም። መካኒክ ነኝም አላለም። እንዲሁ የተበላሸ ነገር አይቶ ማለፍ አልፈጠረበትም።

የሆሳዕና ከተማው "ቆይ እስቲ ልየው" ክቡር አቶ ናስረዲን ናቸው፤ በሰፈሩ አጠራር ጋሽ ናስሮ። ለተደራጁ ወጣቶች ከተሠሩት ሼዶች ፊት ለፊት ሚስማር፣ ቀለም፣ ቡሎንና የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አላቸው። "አላቸው" ማለት እንኳን ይከብዳል። ሱቁን የሚሠሩት ባለቤታቸው ናቸው፤ እሳቸው ያሉት መንገድ ላይ ነው። ባጃጅ ቆማ ሹፌሩ ጎንበስ ካለ፣ ቀና ሳይል ጋሽ ናስሮ ደርሰዋል። "ቆይ እስቲ ልየው። ካንዴላው ነው።" ነዳጅ ሲያልቅም ካንዴላው ነው። አንድ ጊዜማ ጎማ የተነፈሰበትን ልጅ ካንዴላ አስፈትተው፣ በጨርቅ አስወልውለው፣ መልሰው አስገጥመው "አሁን ሞክረው" ብለውታል።

የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አንድ ሰሞን እያፏጨ አስቸገረ። ጋሽ ናስሮ ነኩት፤ ማፏጨቱን ተወ፤ ድምፅ ማውጣቱንም አብሮ ተወ። የመብራት ኃይል ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ከታች ሆነው "ግራውን! ኧረ ግራውን!" እያሉ የሚያዙት እሳቸው ናቸው፤ ሰውዬው ሲወርድ ደግሞ "ጎበዝ ነህ፣ ነገሩ ይገባሃል" ብለው ያመሰግኑታል። ጥርሳቸውን ሊነቀሉ ሄደው ወንበሩ ከፍ ዝቅ አልል ቢል፣ አፋቸው በመርፌ እንደደነዘዘ ተነሥተው ከወንበሩ ሥር ገቡ ይባላል። ይህን እንኳን የሚያወራው ጠላታቸው ይሁን ወዳጃቸው አልተጣራም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ተረት የወጣው እሳቸውን አይቶ ነው የሚሉም አሉ፤ ተረቱ በዕድሜ ከእሳቸው ይበልጣል፤ እንዲያ ቢሉ ግን አይፈረድባቸውም።

የዚህ ሁሉ በረከት ዋና ተቋዳሽ ፈቲያ የምትባል ወጣት ነበረች። ጊዜው ሁለት ሺህ ስምንት ነው፤ የተመረቀ ወጣት ሁሉ "ተደራጁ" የሚባልበት። ፈቲያና ሊሻን የሚባል ጓደኛዋ ተደራጁና ሼድ ተሰጣቸው። እሷ በኮምፒዩተር ትነድፋለች፣ እሱ ይበይዳል። ሥራቸው የእንሰት መፋቂያ ማሽን ነው፤ ሴቶች ጣውላ ላይ በተረከዛቸው ረግጠው፣ ወገባቸው እስኪቆረጥ ቀኑን ሙሉ የሚፍቁትን በሞተር የሚፍቅ። አንድ ሠርተው አሳይተዋል፤ ሰው አድንቆ ሄዷል፤ ያዘዘ ግን አልነበረም። ሥራ የሌለው ሼድ ለተረኛ ይሰጣል ተብሎ በስብሰባ ተነግሯቸዋል። ተረኞቹም በበሩ ሲያልፉ ጣሪያውን ቀና ብለው ማየት ጀምረው ነበር።

እዚህ ላይ ነው ፎንቆ ከምትባል ከተማ ወይዘሮ ወርቅዬ የመጡት። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ሲናገሩ ነገር አያንዛዙም።

"ማሽኑ ጥሩ ነው" አሉ ዞረው አይተው። "ግን አጭር ነው። የእኛ እንሰት ሰፊ ነው። በነገርኩሽ ልክ አስረዝሙት። ነገ ማኅበሩ ይሰበሰባል። አዲሎ ያለ ወርክሾፕ የራሱን ንድፍ ሰጥቶናል። የእናንተን ዛሬ ይዤ ካልሄድኩ የእሱን እንወስዳለን። አሁን ገበያ ልግባ፤ ስመለስ በወረቀት አዘጋጂልኝ።"

"ይደርሳል እትዬ ወርቅዬ፣ ምን ችግር አለው!" አለች ፈቲያ። ችግር የለም ያለችው ከልቧ ነው። የምትነድፍበት ፕሮግራም አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ አንዱን ልክ በሌላው ማሰር ይቻላል። "ፍሬሙ ዘንጉን ይከተል" ብለው ከጻፉበት፣ ዘንጉ ሲረዝም ፍሬሙ ማንም ሳያዘው አብሮ ይሰፋል። ይህችን ማሰሪያ ሪሌሽን ይሏታል። ፈቲያ ደግሞ ማሰሪያ ስታስር መሰሰት አታውቅም፤ የሚከተለው የሌለው ልክ ስታይ አንጀቷ አይችልም።

ስለዚህ ቁጭ አለች። ማሽኑ ስለት የተበየደበት፣ የሚሽከረከር ድራም አለው፤ በድራሙ መሃል ዘንግ ያልፋል፤ ፍሬሙ ሁለቱን ይሸከማል። ለፎንቆ የሚረዝመው ድራሙ ነው። ድራሙ ከረዘመ ዘንጉም መርዘም አለበት። "ዘንጉ ድራሙን ይከተል" ብላ አንዲት አዲስ ማሰሪያ ጻፈችና ቁልፉን ተጫነች።

ስክሪኑ ላይ ማሽኑ በሙሉ ቀላ። "ኢንቫሊድ ሪሌሽን" የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ማሰሪያው ልክ አይደለም ማለት ነው። የትኛው ማሰሪያ? አይልም። ለምን? አይልም። ከላይ እስከ ታች ቀይ መስመር ደርድሮ ዝም።

ፈቲያ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች። የድሮው መክደኛ ከተሰረዘ ቆይቷል፤ "የመክደኛውን ስፋት ተከተል" የሚል ማሰሪያ ግን ቀርቶ አገኘች፤ የሞተ ሰው ቤት ሄደህ ታዘዝ እንደማለት ነው። "አገኘሁህ!" አለችና አጠፋችው። ቁልፉን ተጫነች። ቀይ። ቀጥላ ከኢንተርኔት የወረደው ኩሽኔታ በሚሊሜትር ሳይሆን በኢንች የተለካ ሆኖ አገኘችው። "አንተ ነህ ለካ!" አስተካከለችው። ቀይ። እንዲያውም በፊት ያልነበረ ቦታ ላይ ቀላ። አሁን ውሉ ጠፋባት። ጥፋት አግኝታ አስተካክላ ነገሩ የሚብሰው ለምንድን ነው? ያስተካከለችው ጥፋቱን ነው ወይስ ደህናውን?

በዚህ መሃል ከኋላዋ ትንፋሽ ሰማች። መዞር አላስፈለጋትም።

"ቆይ እስቲ ልየው" አሉ ጋሽ ናስሮ።

"የሒሳብ ነገር ነው ጋሽ ናስሮ፤ የሚታይ አይደለም።"

"የማይታይ ብልሽት የለም።" እጃቸውን ኮምፒዩተሩ ላይ አሳረፉ። "ሞቋል። ካንዴላ አለው?"

"የለውም።"

"የለውም? ታዲያ ቢበላሽ ምን ይገርማል!"

ሊሻን ከበሩ ላይ ሳቀ። ፈቲያ ግን አልሳቀችም፤ ስንተኛው መስመር ላይ እንደነበረች ጠፍቷት እንደገና ከላይ ጀመረች። ጋሽ ናስሮ ከጎን አዩት፣ ከላይ አዩት። ስክሪኑን እፍ አሉበት። "ቫይረስ ይሆናል፤ የእህቴ ልጅ ስልክ እንዲሁ ቀልቶ ነበር" አሉ። ከዚያ ከጠረጴዛው ጀርባ ሄደው ገመዱን በጣታቸው ይከተሉ ጀመር። "ከሥሩ ነው መጀመር። ሁልጊዜ ነገር ከሥሩ ነው። ይኸው፣ ይቺ ትንሽ ላላ ብላለች..."

ስክሪኑ ጨለመ። የጠዋቱ ልፋት ሁሉ አልተቀመጠም ነበር።

ፈቲያ ከልጅነቷ ጀምሮ ለትልቅ ሰው ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ያን ቀን ግን ደሟ ፈላ።

"ጋሽ ናስሮ፣ ማን ጠራዎት? እስቲ ማን ጠራዎት? በአላህ ይተዉን!"

ሊሻን የብየዳ መነጽሩን አውልቆ እንደማያውቀው ዕቃ ያገላብጠው ጀመር። ጋሽ ናስሮ ገመዱን ቀስ ብለው ወደ ቦታው መለሱ፣ ደህና መግባቱን አረጋገጡ፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

"እውነትሽን ነው ልጄ" አሉ። "ማንም አልጠራኝም።"

መንገዱን ተሻግረው ሱቃቸው ገቡና ከባንኮኒው ጀርባ ተቀመጡ። ሰፈሩ እዚያ ቦታ ላይ አይቷቸው አያውቅም። ባለቤታቸው "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" አሏቸው። ከፊት ለፊት አንዲት ባጃጅ እምቢ ብላ ቆማ ነበር፤ ሹፌሩ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ግራና ቀኙን አየ፤ የሚመጣ ሰው የለም። ግራ ተጋባ። መጨረሻ ላይ ብቻውን እየገፋ ወሰዳት።

ፈቲያ ኮምፒዩተሩን አስነሥታ እንደገና ገባችበት። አዲሷን ማሰሪያ እንደገና አሰረች፤ የሞተውን መክደኛ እንደገና ቀበረች፤ ኩሽኔታውን እንደገና አስተካከለች። ቀይ ነው። አንዱን ማሰሪያ ስታላላ ሌላው ይጮኻል፤ ያንን ስታባብል የመጀመሪያው ይመለሳል። ቁጥሮቹን በካልኩሌተር አንድ በአንድ መታቻቸው፤ ሁሉም ልክ ናቸው። ልክ ከሆኑ ለምን ልክ አይደሉም ይላል? ወይስ እሷ ናት ልክ ያልሆነችው? ለሊሻን ልታስረዳው ሞከረች።

"እኔ ብረት ነው የማውቀው" አለ ሊሻን። "ቁጥሩን ስጪኝ፣ ልቁረጥ።"

"ቁጥሩማ ቢኖር!"

ወይዘሮ ወርቅዬ ዘንቢላቸውን ይዘው ከገበያ ተመለሱ። "አለቀ?" አሉ። "ትንሽ ቀረው" አለች ፈቲያ፤ ምን እንደቀረው ግን እሷም አታውቅም። ሴትዮዋ ዱካ ላይ ተቀመጡና ያዩዋት ጀመር። ከመንገዱ ማዶ የመጨረሻው የፎንቆ ሚኒባስ እየጫነ ነው፤ የረዳቱ ጩኸት እስከ ሼዱ ይሰማል።

ፈቲያ ስክሪኑን አየች፤ ስክሪኑም አያት። ፀጥታው ከበዳት። ማንም "ቆይ" የሚላት የለም፣ ማንም የማይረባ ነገር የሚጠይቃት የለም፤ ሐሳቧ ደግሞ ብቻውን ሲሆን የትም አልሄድ አለ። ጋሽ ናስሮን የተናገረችው ነገር ከንክኗታል፤ ያ "ማንም አልጠራኝም" የሚለው ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣም። ብድግ አለችና መንገዱን ተሻገረች።

"ጋሽ ናስሮ፣ ይምጡና ይዩልኝ።"

ጋሽ ናስሮ ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። ከኋላቸው የቀለም ጣሳ ብቻ ነው ያለው።

"እኔን ነው?"

"እርስዎን ነው።"

ፊታቸው ተለዋወጠ። እኚያ የመስጊድ ማጉያ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ያልፈሩ ሰው ፈሩ። "ልጄ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔ እኮ ስለዚህ ነገር ምንም አላውቅም።"

"አውቃለሁ። ቢሆንም ይምጡልኝ።"

"ተጠርተህ ትቀመጣለህ እንዴ? ተነሣ እንጂ!" አሉ ባለቤታቸው።

ተነሡ። ነገር ግን እንደ ወትሮው እየሮጡ አልሄዱም። እጃቸውን ታጠቡ። የጁምዓ ኮታቸውን ለበሱ፣ ኮፊያቸውን አስተካክለው ደፉ። ሳይጠሩት የሄደ ሰው እጁን ያስገባል፤ ተጠርቶ የሄደ ግን ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ ዕቃ አይነካካም፣ ተቀምጦ ነገር ይሰማል። ይህን የማያውቅ ሰው በዚያ አገር የለም። ጋሽ ናስሮም ሼዱ ገብተው ወይዘሮ ወርቅዬን ሰላም አሉ፣ ወንበር ስበው ከኮምፒዩተሩ ራቅ ብለው ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

"እሺ። ማን ከማን ተጣላ?"

ፈቲያ መሳቅም ማልቀስም ቃጣት። "እሱን ነው ያጣሁት። ፍሬሙ፣ ዘንጉና ድራሙ ናቸው።"

"እንግዲያው ሁሉም የየራሱን ይናገር። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥ።"

"ብረት እኮ ናቸው ጋሼ" አለ ሊሻን።

"አንተ ዝም በል። ስለ እነሱ እሷ ትናገራለች።"

"ልክ ነው" አሉ ወይዘሮ ወርቅዬ ከዱካቸው ሳይነሡ፤ በዕድሜያቸው ብዙ ሽምግልና አይተዋል። "አንድ በአንድ። በኋላ አልሰማሁም እንዳይባል።"

"ፍሬሙ ምን ይላል?" አሉ ጋሽ ናስሮ።

ፈቲያ ማሰሪያውን አየችና አነበበች። "ፍሬሙ 'እኔ ዘንጉን ነው የምከተለው፤ እሱ ልኩን ይንገረኝ እንጂ እኔ እሺ ባይ ነኝ' ይላል።"

"ጨዋ ነው። የጨዋ ልጅ። ዘንጉስ?"

"ዘንጉ 'እኔ ድራሙን ነው የምከተለው፤ እሱ ካለኝ አልወጣም' ይላል።"

"ይኸም ደህና። እንግዲህ ተንኮለኛው ድራሙ ነው ማለት ነው። እስቲ እሱ ምን ይላል?"

"ድራሙ..." ፈቲያ ወደ ታች፣ ወደ ድሮዎቹ ማሰሪያዎች ወረደች። የመጀመሪያውን ማሽን ሲሠሩ ዘንጉ ከወላለቀ ወፍጮ የተገኘ፣ የማይቀየር ስለነበር ሁሉም እሱን ተከትሎ ነበር የተሠራው። "ድራሙ 'እኔ ፍሬሙን ነው የምከተለው' ይላል።"

አፏን እንደከፈተች ቀረች።

ጋሽ ናስሮ ግን እጃቸውን አጨበጨቡ። "ሱብሐነላህ! ታዲያ ጠቡ የታለ? ይኼ 'አንተ እንዳልክ' ይላል፣ ያኛው 'አንተ እንዳልክ' ይላል! እኔ በዚህ ከተማ እንዲህ የሚከባበር ቤተሰብ አላየሁም። ወይዘሮ ወርቅዬ፣ እርስዎ አይተዋል?"

"አላየሁም" አሉ ወይዘሮ ወርቅዬ። "ጥፋተኛው ኮምፒዩተሩ ነው።"

"በትክክል! ነገር አቀባዩ እሱ ነው።"

ፈቲያ ይህን ሁሉ የሰማችው ከሩቅ ነው። ሦስት እንግዶች በር ላይ ቆመው በሐሳቧ ይታዩዋት ነበር። አንዱ "ይቅደሙ" ይላል፤ ሌላው "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ" ይላል፤ ሦስተኛው "እናንተ ሳትገቡማ!" ይላል። ማንም ማንንም አልበደለም፤ የገባ ግን የለም፤ ወጡም ቀዝቅዟል። ጠዋት በሰላም ያሰረቻት ያቺ አዲስ ማሰሪያ ናት ክቡን የዘጋችው። አንዱ መቅደም አለበት። ድራሙን ከሥሩ ፈታችው፤ ማንንም እንዳይከተል አድርጋ ወይዘሮ ወርቅዬ የነገሯትን የፎንቆን ልክ በቁጥር ጻፈችለት። ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረገች።

"በሉ" አሉ ጋሽ ናስሮ፣ ሁለቱን መዳፋቸውን ዘርግተው። "ከታረቁ ዘንድ ዱዓ እናድርግ።"

የሚኒባሱ ጥሩምባ ተነፋ። "ፎንቆ! ፎንቆ! የመጨረሻ!" ሊሻን ፈቲያን አፍጥጦ አያት፤ በዓይኑ "ተጫኚው እንጂ!" ይላል። አንዲት ጣት ናት የቀረችው። ሼዱም፣ ሥራውም፣ የነገው እንጀራቸውም በዚያች ጣት ሥር ነው። ነገር ግን አሁን ብትጫነው ቀዩ እርቁ ሳይቋጭ ይጠፋል፤ ጋሽ ናስሮም ኮታቸውን ለብሰው የመጡት ለምንም እንዳልነበር ያውቃሉ።

ጣቷን አነሣችና መዳፏን ዘረጋች።

ዱዓው አጭር አልነበረም፤ ጋሽ ናስሮ በሕይወታቸው ተጠርተው ያደረጉት የመጀመሪያው ነው መሰለኝ፣ የተጠራቀመ ብዙ ነበራቸው። ለዝናቡ ለመኑ። ለእንሰቱ ለመኑ፣ በሽታ እንዳይገባበት። መንገድ ላይ ላለ ሹፌር ሁሉ ለመኑ። ወገባቸውን ለሚያማቸው እናቶች ለመኑ፤ እዚህ ላይ ወይዘሮ ወርቅዬ በራሳቸው እምነት "አሜን" አሉ፣ መኪናቸው እየሄደባቸው እንኳን ከልባቸው አሉ። ሊሻን ግን ሾልኮ ወጥቶ ነበር። በኋላ እንደተሰማው ሚኒባሱ ፊት ለፊት የብየዳ መነጽሩን አድርጎ ቆመና "በላዬ ላይ ካልሄዳችሁ አትሄዱም" አለ።

ጋሽ ናስሮ ሊጨርሱ ሲሉ መዳፋቸውን ከፍ አደረጉ። "ያ አላህ" አሉ፣ "ይህችን ልጅ አታሳፍራት። የጠራችኝን ልጅ አታሳፍራት።"

"አሚን" አለች ፈቲያ፣ ከሁሉም ጮክ ብላ። ከዚያ ቁልፉን ተጫነች።

ቀዩ አንድ በአንድ ጠፋ። ድራሙ ረዘመ፣ ዘንጉ ተከተለው፣ ፍሬሙ ሰፋላቸው። ጋሽ ናስሮ ስክሪኑን አዩ፣ መዳፋቸውን አዩ፣ እንደገና ስክሪኑን አዩ። ወይዘሮ ወርቅዬ ወረቀቱን ገና ሳይቀዘቅዝ ከፕሪንተሩ መንጭቀው ሮጡ።

ማኅበሩ በማግስቱ ተሰብስቦ የእነ ፈቲያን መረጠ፤ ሼዱም ሼዳቸው ሆኖ ቀረ። ጋሽ ናስሮ ግን አንዴ ቀምሰውታልና ተዉ ቢባሉ አይተዉም። ሆሳዕና ውስጥ ብረት ከብረት አስታርቀው ኮምፒዩተር የረቱት እንዴት እንደሆነ ያልሰማ ባጃጅ ነጂ የለም፤ ታሪኩን የሚያወሩለት ካንዴላውን እያስፈቱት ነው። የማያምን ሲገጥማቸው ወደ ሼዱ ይልኩታል።

"እውነት ጋሽ ናስሮ ናቸው ያስተካከሉት?" ብሎ ይጠይቃታል የተላከው።

ፈቲያ ራሷን ከስክሪኑ ቀና አድርጋ "እውነት ነው" ትላለች። "እኔ ነኝ የጠራኋቸው።"